አሥራ ሁለተኛው ችግኝ

የችግኝ ጣቢያው አለቃ፣ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ የሚላቸው ወፍራም ሴት፣ አዲስ ሰው በቀጠሩ ቁጥር አንድ ነገር ሳይናገሩ አያልፉም።

«በሙቀት ወራት ስትተክሉ ክፍተት ተዉ፤ አበባው ራሱ እየተስፋፋ ይሞላዋል። በብርድ ወራት ግን የሚያድግ ነገር የለም። የተከላችሁት እንደተተከለ ይቆያል፤ ባዶ የተዋችሁትም ባዶውን ይከርማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት።»

ይህን ቃል ከሁሉም አብልጦ የያዘው አንድ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ተንጠልጣይ ቅርጫት በመትከል የሚወዳደረው አልነበረም። ሲናገር ግን ድምፁ አጠገቡ ካለው ሰው አልፎ ስለማይሄድ ባልደረቦቹ ሹክሹክታ ብለው ስም አወጡለት። ስሙን ለመቃወም ጮክ ብሎ መናገር ያስፈልግ ስለነበር ዝም ብሎ ተቀበለው።

ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቢሆንም የእጅ ጽሑፉ ሲያዩት ደስ ይላል። የችግኝ ሳጥኖቹ ላይ የሚለጠፉትን ስሞች የሚጽፈው እሱ ነው፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተ ካርቶኑን ቀዶ እንደገና ይጀምራል።

ብርዱ መጠንከር በጀመረበት ሳምንት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ልጅ እነዚያን ስሞች አንድ በአንድ እያነበበች በሳጥኖቹ መካከል መጣች። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ ነበረ።

«እነዚህን የጻፈው ማን ነው?» አለች።

ሹክሹክታ ግራና ቀኙን አየ። ከእሱ በቀር የሚመልስላት ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አልከኝ?»

«እኔ ነኝ ነው የሚልሽ» አለች ከወዲያኛው ረድፍ አረም የምትነቅል ሴት። «ጠጋ በይ እህቴ፤ የዚህ ራዲዮ ባትሪ ካለቀ ቆየ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም፤ እንደተባለችው ጠጋ አለች።

«መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ» አለችው። «ቀኑን ሙሉ ስሰፋና ሳጣብቅ ነው የምውለው። ስህተት የሌለበት ጽሑፍ ሳይ ይደንቀኛል።»

ከዚያ የመጣችበትን ጉዳይ ነገረችው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መንገድ ሲያዩ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት ሕመም ግራ ጎናቸውን ያዘው። አሁን የሚያዩት አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ደግሞ የመጋዘን ግድግዳ።

«ግራጫ ግድግዳ» አለች። «እዚህ አፍጥጠው እንዲከርሙ አልፈልግም። ቀለም ያለው ነገር ስጠኝ። ብዙ ቀለም።»

«ሁለት ቅርጫት ይበቃዎታል» አለ ሹክሹክታ።

«እኔን ነው እርስዎ የምትለኝ? ስንት ዓመቴ መስሎህ ነው?»

መልስ ሲፈልግ ቆየ። ሲያጣ እጁ ላይ የነበረውን አፈር ሱሪው ላይ ጠረገና አድራሻዋን ጻፈ። አንዲት ፊደል አልተሳሳተም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የሽቦ ቅርጫት፣ ጆንያ፣ አንድ ከረጢት አፈርና ሃያ አራት ችግኝ በጋሪ እየገፋ ሄደ። ቤቱ ከአንድ ጫማ ሠሪ ሱቅ በላይ ያለ አንደኛ ፎቅ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሉ ንጹሕ፤ ከሥር የመዶሻ ድምፅ ጧ ጧ ይላል። አባትየው መስኮቱ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል።

«ግባ የኔ ልጅ» አሉት። «ግራ ጆሮዬ ከግራ እጄ ጋር አብሮ ጡረታ ወጥቷል። የምትለው ካለህ በቀኝ በኩል ዙር።»

ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ዘርግቶ ሥራውን ጀመረ። ቅርጫቱን ከውስጥ በጆንያ አለበሰው፤ ከዚያ ጆንያውን ዙሪያውን ስድስት ቦታ በቢላ ሰነጠቀው። የእያንዳንዱን ችግኝ ቅጠል በወረቀት ይጠቀልልና ከውስጥ ወደ ውጭ በስንጥቁ ያሾልከዋል። ወረቀቱን ሲፈታው ቅጠሉና አበባው ውጭ ይዘረጋሉ፤ ሥሩ ከውስጥ አፈር ውስጥ ይቀራል። ስድስት በጎን፣ ስድስት ከላይ።

አበባዎቹ ፓንሲ የሚባሉት ናቸው፤ መሃላቸው ላይ በጥቁር ቀለም ትንሽ ፊት የተሣለ የሚመስሉት። ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ነጭ፣ ብርቱካንማ። ጠራዧ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ታየዋለች።

«መርፌ ሳትይዝ ነው የምትሰፋው» አለችው።

ሹክሹክታ ፈገግ አለ። ፈገግታው እንዳይታይበት ግን አቀረቀረ።

የሁለተኛው ቅርጫት የመጨረሻ ስንጥቅ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ይህችን አንዲት ችግኝ ከተከላት ሥራው አለቀ። ሥራው ካለቀ ይህን ደረጃ ዳግመኛ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ቀሪዋ ችግኝ ያለችበትን ከረጢት በጉልበቱ ከለል አደረገ።

«አንድ ጎድሎኛል» አለ።

«ምን አለ?» አሉ አባትየው።

«አንድ ችግኝ ጎድሎኛል አባባ። ለሚመጣው ቅዳሜ አመጣለሁ።»

በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም አይባልም፤ እንዲህ ፈጥኖ ግን ዋሽቶ አያውቅም። ጠራዧ ከረጢቱን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። ከጫማ ሠሪው መሰላል ተውሳ ልትይዝለት ወደ ውጭ ወረደች። እሱም ባዶውን ስንጥቅ በጆንያ ቁራጭ ወትፎ ቅርጫቶቹን ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ሰቀላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ ሁለተኛውን ችግኝ ይዞ መጣ። ተከለው። ሲጨርስ ግን ከጎኑ ያለችውን ነጯን አገላብጦ አያትና፣ «ይቺ አልጠናችም፤ ላውጣትና ለቅዳሜ በሌላ ልተካት» አለ። ነጯ ምንም አልሆነችም ነበር። ቅርጫቱ እንደገና አሥራ አንድ ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜም ነገሩ ያው ነው፤ አንድ ይገባል፣ አንድ ይወጣል።

ቅዳሜዎቹ የራሳቸው ሥርዓት ያዙ። መጀመሪያ አባትየው ከቀኝ ጆሯቸው በኩል ያስቀምጡትና የሳምንቱን ወሬ ይነግሩታል። አበባዎቹ ለእሳቸው ተሳፋሪዎች ናቸው።

«ያቺን ብርቱካኗን እያት» ይላሉ። «መልስ አልሰጡኝም ብላ ከትናንት ጀምሮ አኩርፋለች። ከኋላ ያለው ሐምራዊው ደግሞ ፌርማታው ያለፈበት ይመስለኛል፤ ዓይኑን አፍጥጦ ውጭ ውጭውን ያያል።»

ሹክሹክታ ይስቃል። ከእሳቸው ጋር ሲሆን ድምፁ ከወትሮው ከፍ ይላል፤ ግድ ነው።

አንድ ቀን ጠራዧ ሻይ ልታፈላ ስትነሣ አባትየው ባዶውን ቦታ በአገጫቸው አሳዩት።

«ሾፌር ባዶ ወንበር ይዞ የሚቆመው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አባባ።»

«የሚጠብቀው ሰው ሲኖር» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ግን ብዙ አይቆምም። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ ይነፋል።»

ሹክሹክታ ጆሮው ድረስ ቀላ።

በዚያው ቀን ጠራዧን ቅርጫቱ ውሃ መጠጣቱን እንዴት እንደምታውቅ አሳያት። ቅርጫቱ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ስለሆነ ዝናብ አይደርሰውም፤ ላዩ እርጥብ መስሎ ውስጡ ደረቅ ይሆናል።

«በዓይን አይታወቅም» አላት። «መዳፍሽን ከሥሩ አድርገሽ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ከቀለለ ጠምቶታል።»

በመስኮቱ አጎንብሳ እጇን ከሥሩ አስገባች። የእሱ እጅ እዚያው ነበር። ሁለቱም ቅርጫቱን ይዘው ቆዩ። ማንም ከባድ ነው ወይም ቀላል ነው አላለም። ከታች የጫማ ሠሪው መዶሻ ስንት ጊዜ እንደመታ ሹክሹክታ ቆጥሯል፤ ሰባት።

«ከብዷል» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«አዎ። ጠጥቷል።»

በአራተኛው ቅዳሜ ሻይ እየቀዳችለት፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳታነሣ፣ «ወንድሜ ሊወስደን ይፈልጋል» አለችው። «እሱ ያለበት ከተማ ትልቅ ማተሚያ ቤት አለ፤ ሥራ አግኝቶልኛል። ለአባባም ደረጃ የሌለው ክፍል አዘጋጅቷል። እሺ ካልኩት ብርዱ ሳያልፍ መኪና ይዞ ይመጣል።»

ሹክሹክታ የሚላት ነገር ነበረው። ግን እሷ በአንድ ቀን የምትሰፋውን መጽሐፍ እሱ ዓመት ሙሉ አንብቦ አይጨርሰውም። ጠረጴዛው ላይ ያልተጠረዙ ወረቀቶች ተደርድረዋል፤ እነሱን አየና ሊላት ያሰበውን ተወው።

«አበባዎቹስ?» አላት።

ቀና ብላ አየችው።

«የጠየቅከኝ ስለ አበባዎቹ ነው?»

«…አዎ።»

«አበባዎቹ ይቀራሉ» አለችና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ገባች።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሲመጣ መንገድ ላይ ንግግሩን ያጠናል። ደረጃው ሥር ሲደርስ ሙሉውን በቃሉ ይወጣዋል። በሩ ሲከፈት ግን የሚቀረው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ አንድ ችግኝ ይዤ መጥቻለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት አጋማሽ ውርጭ ወረደ። የጣቢያው የውሃ ቧንቧ ሳይቀር በረዶ ሠርቶ ተዘጋ። ቅዳሜ ዕለት ሹክሹክታ እንደ ልማዱ አንድ ችግኝ በወረቀት ጠቅልሎ ደረጃውን ወጣ። ጠራዧ በሩን ከፈተችና ሳትናገር ወደ መስኮቱ መራችው።

የግራው ቅርጫት ደህና ነው፤ አሥራ ሁለቱም ተጠጋግተው ተርፈዋል። የቀኙ ግን በባዶው ስንጥቅ በኩል ውርጩ ገብቶበታል። የጆንያው ውታፍ ተነቅሎ ወድቋል። በዚያ በኩል ያሉት አምስት ፓንሲዎች እንደተቀቀለ ቅጠል ጠቁረው ሽቦው ላይ ተንጠልጥለዋል። ከእነሱ መካከል ብርቱካኗም አለች። አባትየው ዓይናቸውን ወደዚያ አላዞሩም።

«ዛሬም አንድ ጎድሏል ልትለኝ ነው?» አለች ጠራዧ።

ሹክሹክታ እጁ ላይ ያለውን ጥቅልል አየ።

«እኔ ቅጠል ቆጥሬ ነው የማድረው» አለች። «ሦስት መቶ ቅጠል ባለው መጽሐፍ አንዲት ብትጎድል ጣቴ ያውቃታል። ይሄ አሥራ ሁለት ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ የምቆጥረው አይመስልህም ነበር? እሺ እኔን ተወኝ። አባባ በየጠዋቱ ስም እያወጡላቸው፣ ለእሳቸው እንኳ አታስብም?»

ሁሉን ነገር የሚያስረዳ አንድ ቃል ነበር፤ እሱን ብቻ ማውጣት አልቻለም።

«ውርጩን…» አለ፤ ከዚያ አላለፈም።

«ወንድሜን ና ብዬዋለሁ» አለችው። «የፊታችን ሰኞ ሳይሆን በሚቀጥለው ይመጣል። ችግኝህን ይዘህ ሂድ።»

ወደ ጣቢያው ሲመለስ እትዬን ችግኞቹን በፕላስቲክ ሲያለብሱ አገኛቸው። ፊቱን አይተው ሥራውን ተዉት።

«ምን ሆነሃል አንተ? ጋሪ የገጨው ሰው መሰልክ።»

ነገራቸው። ከመጀመሪያው ከረጢት ጀምሮ ምንም አልደበቀም። በዚያ ቀን ያወራው የወር ንግግሩን ያህል ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ ተገልብጦ የቆመ ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ በየጊዜው ከነሥሯ የምትመለሰዋ ችግኝ ከየት ናት እያልኩ…» አሉ። ሊስቁ ጀምረው ተዉት። «ስማ ልጄ። እዚህ ለሚመጣው ሁሉ የምናገረውን ከአፌ ቀምተህ የምትጨርሰው አንተ ነህ። በብርድ ወራት ባዶ የተተወ ነገር ራሱን ሲሞላ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ አንተ ልጅቷ ፊት ዝም ብለህ ስትቆም ማን እንዲሞላልህ ነው የምትጠብቀው?»

«ነገ ጋሪውን ልውሰደው?» አለ ሹክሹክታ።

«ውሰደው። ቢጫ ቢጫውን ምረጥ፤ ውርጭ ይችላል።»

እሑድ ጠዋት ጫማ ሠሪው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሹክሹክታ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ፤ የቀኙን ቅርጫት አውርዶ እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጠ። የሞቱትን ነቀለ። አዲስ ጆንያ አለበሰ። ችግኞቹን በወረቀት እየጠቀለለ አሾለካቸው። አንዲት ብርቱካንማም መርጦ አባትየው በሚያዩት በኩል አደረጋት።

ቀና ሲል ጠራዧ መስኮቱ ላይ ቆማ ታየዋለች። ሰላም አላላትም፤ ከሥራው በፊት አፉን ከከፈተ ወኔው እንደሚከዳው ያውቃል። የመጨረሻው ስንጥቅ ላይ ሲደርስ እጁ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆመ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛውን ችግኝ አስገባና አፈሩን በአውራ ጣቱ ጠበቅ አደረገ።

ቅርጫቱን ተሸክሞ ወጣ፣ ሰቀለው፣ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። በመካከላቸው አበባው ብቻ ነበር።

«ሞልቷል» አላት። «ከዛሬ በኋላ የምመጣበት ምክንያት የለኝም። ከዚህ በፊትም አልነበረኝም። አንድም ቀን ችግኝ ጎድሎኝ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምመጣው አንቺን ለማየት ነው። አባባን በድያለሁ፤ አንቺንም በድያለሁ። ስለምወድሽ ነው።»

«ምን አለ?» አሉ አባትየው ከውስጥ።

«አባባ፣ ተዉት» አለች ጠራዧ።

«ምን ላድርግ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል እኮ ነው የቆመው። ጮክ በል የኔ ልጅ።»

ሹክሹክታ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።

«እወዳታለሁ ነው ያልኩት አባባ።»

በዚያ መንገድ ድምፁ እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም። ጫማ ሠሪው ከታች ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እኛም ሰምተናል» አለ።

ጠራዧ ጣቷን ዘርግታ አበባዎቹን አንድ በአንድ መንካት ጀመረች። ከላይ ስድስት። በጎን ስድስት። ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«መሰላል ላይ ለቆመ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ይወድቃል» አለች። «ውረድ።»

ሲወርድ እሷም በደረጃው ወርዳ በሩ ላይ ቆማለች። ጫማ ሠሪው አንድ ነገር የረሳ ይመስል ወንበሩን አንሥቶ ገባ።

«የመጀመሪያውን ቀን» አለችው፣ «ከረጢቱን በጉልበትህ ስትከልል አንዲት ሐምራዊ አበባ በጎን ብቅ ብላ ነበር።»

«አየሽው?»

«አይቻለሁ። ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ ስድስት ቅዳሜ ሻይ አፈላሁ። ትናንት ያ ሁሉ ረግፎ ሳይ ግን፣ ይሄ ሰው መቼም አይናገርም አልኩ። የተቆጣሁት ለአበባው ብቻ አይደለም።»

ሹክሹክታ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም።»

«ስህተት የሌለበት ጽሑፍ ይደንቀኛል ብዬህ አልነበር?»

ይህን ያለችው እንደ ቀላል ነገር ነው። እሱ ግን ቃሉን ለብዙ ጊዜ ይዞት ኖረ።

«ወንድምሽስ?» አለ ቆይቶ።

«ይመጣል። ምን እንደምለው ገና አላወቅኩም። አባባም አሉ፣ ሥራውም አለ፤ ቀላል አይደለም።» የእጇን ሙጫ በጥፍሯ ላጥ ላጥ አደረገች። «የወጥ ቤቱ መስኮት ግን ባዶ ነው። እሱን መጥተህ ሙላው። ስትጨርስም ና፤ ምክንያት አትፈልግ።»

ወንድምየው በተባለው ሰኞ መኪናውን እየነዳ መጣ። የታሸገ ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። ያገኘው በሦስት መስኮት ላይ ስድስት ቅርጫትና መሰላል ላይ የቆመ አንድ የማያውቀው ሰው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቆጣ፣ ተከራከረ፣ ደረጃውን ወጥቶ ወረደ። እህቱ መቅረት እንደምትፈልግና ለምን እንደሆነ ነገረችው። አባትየውን ሲጠይቅ፣ «እኔ ሰባ ሁለት ሰው አሳፍሬአለሁ፤ መንገድ ላይ አውርጄ የትም አልሄድም» አሉት። ከምሳ በኋላ ድካም ወይም ሌላ ነገር ድምፁን ዝቅ አደረገው። ሹክሹክታን ወደ ጎን ወስዶ ስለ ደረጃው ጠየቀው፤ አባቱ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ እንዴት ወርደው ፀሐይ ሊያዩ እንደሚችሉ። ሹክሹክታና ጫማ ሠሪው እሳቸውን ከነወንበራቸው ለሁለት ተሸክመው ማውረድ ከጀመሩ ሁለት እሑድ እንደሆናቸው ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ።

ማምሻውን መኪናው ያለ ተሳፋሪ ሊመለስ ተነሣ። የፊት ወንበሩ ላይ ግን የግራው ቅርጫት ተቀምጦ፣ ቀበቶው በላዩ ታስሮለታል። አባትየው ወንበራቸው ላይ ሆነው በመስኮት ልጃቸውን አዘዙ።

«በዓይንህ እንዳትሸወድ። ከሥሩ ከፍ አድርገህ ያዘው። ከቀለለ ጠምቶታል።»

«እሺ አባባ።»

«ኩርባ ላይ ዝግ በል። ሰው አሳፍረሃል።»

ወንድምየው ሞተሩን አስነሣ። ጠራዧ ግን እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችው፤ በክፍቱ የመኪና መስኮት እጇን አስገብታ አበባዎቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ሹክሹክታ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል።

«ስንት ነው?» አላት።

«አሥራ ሁለት» አለችና እጇን ሰጠችው።